ማን ማንን «አንተ» ይላል?

ልጆቼ፣

ሠላሳ ስድስት ዓመት በፍርድ ቤትና በጥብቅና ሥራ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ሰሞኑን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አገኘችኝና «ፍቅር እስከ መቃብርን አነበብኩት። በጣም ያስለቅሳል። ግን የድሮ ነገር ነው፤ እኛን ምን ያገናኘናል?» አለችኝ። መንገድ ላይ ቆመን የምንጨርሰው ወሬ አልሆነልኝም። ቤቴ ገብቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

በእሷ ዕድሜ እኔም ከእሷ የተለየ አልነበርኩም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አንዱን መጽሐፍ ለአምስት ነበር የምናነበው። ተራዬ ሲደርስ በኩራዝ ሳነብ አነጋሁ። በዛብህ ሲሞት አለቀስኩ። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ይሰበሰብ ነበር። ቡና የሚፈላው ሰዓቱ ተጠብቆ ነው። ሴቶቹ ለሰብለ ወንጌል ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ ፊታውራሪ መሸሻን ይረግማሉ። ፊታውራሪው የሚበላው እህል ከማን ጎተራ እንደመጣ ግን አንድም ሰው ሲያነሳ አልሰማሁም። እኔም አላነሳሁም።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በዛብህ የማንኩሳ ገበሬ ልጅ ነው። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል። ዲማ ጊዮርጊስ ሄዶ ተምሮ፣ ሊቅ ሆኖ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል። ይዋደዳሉ። ሲታወቅበት ነፍሱን ለማዳን ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። እሷም መነኩሴ መስላ በእግሯ ፍለጋ ትወጣለች። ስታገኘው ሊሞት ተቃርቧል። እሷም ትመነኩሳለች። መጨረሻቸው አንድ መቃብር ነው።

አሁን ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። እነዚህን ሁለት ልጆች ምን ለያያቸው? በዛብህ መልከ ጥፉ አይደለም። ምግባሩ አልከፋም። በእውቀት ቢሆን ከቤቱ ሰው ሁሉ ይበልጣል። ጥፋቱ አጥንቱ ነው፤ ዘሩ። «አጥንት» የሚለውን ቃል አያቶቻችን እንዴት ይሉት እንደነበር ታውቃላችሁ? «አጥንተ ጥሩ»፣ «አጥንቱ የማይታወቅ»። እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር። ገንዘብ የሌለው ሰው ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። አጥንት ግን ከየት ይመጣል?

የበዛብህን ነገር ትንሽ ቆም ብላችሁ እዩልኝ። በዚያ ዘመን ለድሃ ልጅ አንድ መሰላል ነበረች፤ የአብነት ትምህርት ቤት። ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ቁራሽ ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል። ጎጆ ቀልሶ፣ ጥሬ ቆርጥሞ ይማራል። ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ይወጣል። እዚያ የጌታም የገበሬም ልጅ ቅኔው ካልሞላለት ያው ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ማንም እንዲንቀው አልፈልግም። የመጽሐፉ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ሕይወት ከሩቅ አይደለም የሚያውቁት። 1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወልደው ራሳቸውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። ለዚህ ነው ስለ ተማሪ ቤት ሲጽፉ ጭሱ የሚሸትተን።

ታዲያ ያ መሰላል በዛብህን የት አደረሰው? እስከ ፊታውራሪው እልፍኝ። ያስተምራል፣ ይከበራል፣ ይባረክበታል። ልጃቸውን ከወደደ ግን ያ ሁሉ እውቀት በአንድ ቀን ይረሳል፤ የሚታወሰው የገበሬ ልጅነቱ ብቻ ነው። መሰላሉ ጣራው ጋ ሲደርስ ያልቃል። እኔ በዕድሜዬ ብዙ የተማሩ ሰዎች እዚያች ቦታ ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ። ዲግሪውን ያደነቁለት ቤተሰቦች ሽማግሌ ሲልክ «የማን ልጅ ነው?» ብለው የመለሱትን ወዳጄን አሁንም አስታውሳለሁ።

ሰብለስ? ስለ መደብ ሲወራ የተጎዳው የታችኛው ብቻ ይመስለናል። እሷ ከላይ ናት። ግን አባቷ እኩያዋ አይደለም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ነጎደ። ያ ሁሉ ክብር ለእሷ በር የሌለው አጥር ነው የሆነባት። በዛብህ ቢያንስ መሸሽ ይችል ነበር። እሷ ለመውጣት ሴትነቷንም ጌትነቷንም አውልቃ መነኩሴ መምሰል ነበረባት። የመጽሐፉ ትልቁ ግኝት ይህ ይመስለኛል፤ ፊታውራሪው ገበሬውን ያሰረበት ገመድ ዞሮ የገዛ ልጁንም አሰራት።

ስለ ገበሬዎቹም ልንገራችሁ፤ ይህን ክፍል ብዙ ወጣት እየዘለለ ያነበዋል። አንዳንዶቻችሁ የድሮ ገበሬ ሁሉ ጭሰኛ ይመስላችኋል። የጎጃም ገበሬ ግን በአብዛኛው ባለርስት ነበር። መሬቱ የአያት የቅድመ አያቱ ነው። ግን በርስቱ ላይ ጉልተኛ አለ፤ ግብር የሚበላ። ሕጉ የሚያስከፍለው አለ፤ ልማዱ ደግሞ በላዩ ላይ ይጨምራል። በዓል ሲመጣ፣ ጌታው ሲደግስ፣ ባዶ እጅ አይኬድም። በመጽሐፉ ውስጥ ገበሬዎቹ መሪያቸውን አበጀ በለውን ይዘው «ከሚገባን በላይ አንሰጥም» ሲሉ ፊታውራሪው የሚያምነው ነገር አልሆነለትም። እህሉ ብቻ አይደለም ያንገበገበው። እምቢ መባሉ ነው። ጦር አስከትቶ በገዛ ገበሬዎቹ ላይ ዘመተ። ተማርኮም አረፈው።

ዓመተ ምሕረቶቹን አስተያዩልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958። በ1960 የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብሎ በእውነት ተነሳ። መጽሐፉ አመጹን አስነሳ እያልኩ አይደለም፤ ያ ገበሬ ልብ ወለድ ሲያነብ አልነበረም። ደራሲው ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ስላለው ዘመን እየጻፉ በዙሪያቸው የሚፈላውን ያዩ ነበር። በጣሊያን እስር ቤት ከርመው፣ በአምባሳደርነት ውጭ አገር ኖረው፣ የመንግሥትን ቤት ከውስጥ ያውቁት ነበር። ጥሩ ልብ ወለድ ሁለት ዘመን አለው፤ የሚተርከውና የተጻፈበት። ስታነቡ ሁለቱንም ፈልጉ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት፣ የመሬት ከበርቴነት፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ተሰረዘ። እኔ በዓመቱ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ አውራጃ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ተመደብኩ። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ በድንበር ነገር ሊከሱ መጡ። አባቴን ያህላሉ። ገና በር ላይ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወገባቸው ላይ አሸረጡት። አደግድገው ቆሙ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ፣ ቀና ሳልል፣ «ስምህ ማነው?» አልኩ። «የት ነው የምትኖረው?» አልኩ። እሳቸው ይመልሳሉ፤ በየመልሱ «ጌታዬ» አለበት።

ጽፌ ስጨርስ ቀና አልኩ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ደንግጬ ወንበር ሳብኩና «ቁጭ በል» አልኩ፤ አሁንም «በል» ነው። «ኧረ አይገባም ጌታዬ፤ እኔ እዚሁ ይሻለኛል» አሉ። ወለሉን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ።

ጭሰኝነት ከተሰረዘ ዓመት አልፎታል። ጌታ የሚባል የለም ተብሎ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል። እኔም «መሬት ላራሹ» ብዬ ከተሰለፉት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ያም ሆኖ የእሳቸው ወገብ አልቀናም፤ የእኔም ምላስ አልተመለሰም።

የዚያን ሰሞን ነው መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት። በዚህ ጊዜ እርሳስ ይዤ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ማን ማንን «አንተ» ይላል፣ ማን ማንን «እርስዎ» ይላል። ማን ሲገባ ማን ይነሳል። ማን ተቀምጦ ማን ቆሞ ያወራል። ገጽ በገጽ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ በፊት የፍቅር ታሪክ ብቻ የነበረው መጽሐፍ ሌላ ሆኖ ቁጭ አለ። የአገሩ ሥርዓት በሙሉ በግሦቹ ጅራት ላይ ተጽፏል። «ና»፣ «ይምጡ»፣ «ትምጣ»። ስንት ቋንቋ ይህን ይችላል? አማርኛችን መደብን ለመሸሸግ አይመችም፤ አፍ በከፈትን ቁጥር ያጋልጠናል።

በሕግ ሥራ ላይ ሳለሁ ደጋግሜ ያየሁትም ይህንኑ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው አትስደቡት ብለው አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ ግን እኔ ልጅ ሳለሁም ነበር። ባርነት በ1934 በአዋጅ ተከለከለ። «የማን ቤት ልጅ» የሚለው ሹክሹክታ ግን ሠርግና ልቅሶ ላይ ለብዙ ዓመት ተከተለን። አዋጅ የተከለከለውን ይነግራችኋል። ክልከላው ያልደረሰበትን ጓዳ የሚያሳያችሁ ልብ ወለድ ነው። ለዚህ ነው የሕግ ተማሪ ሲያገኘኝ ከመዝገብ ጋር አብሮ ልብ ወለድ እንዲያነብ የምለምነው።

ጉዱ ካሳን ሳላነሳ አላልፍም። ሁላችሁም የምትወዱት እሱን ነው። እኔም እወደዋለሁ። ከጌቶቹ ወገን ተወልዶ የጌቶቹን ነገር የማይቀበል፣ በዚህም እብድ የተባለ ሰው። ማኅበሩን ከግንብ ጋር ያመሳሰለበትን ቦታ ደግማችሁ አንብቡ። የላይኛው ድንጋይ ከታችኛው ላይ ተጭኖ ነው የቆመው። የታችኞቹ መሸከም ሰልችቷቸው ቢንቀሳቀሱ ላይኛው የት ይቀራል? አንድ ነገር ግን አደራ። አንባቢ ሁሉ መጽሐፉን ሲዘጋ «እኔ ጉዱ ካሳ ነኝ» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። እስክሪብቶ ይዤ ቀና ሳልል «ስምህ ማነው» ያልኩት ያኔ ነው፤ ጉዱ ካሳን በቃሌ እየጠቀስኩ። ራሳችሁን ከመጽሐፉ ሰዎች ጋር ስታስተያዩ ከምትወዱት ሰው አትጀምሩ። በፊታውራሪው ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እየበሉ፣ ዝም ያሉትን ፈልጉ። እነሱ ብዙ ናቸው፤ እኛን የሚመስሉት እነሱ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። ስም የሌላቸውን ቁጠሩ። ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ በቅሎ የሚጭን፣ የጌታውን እግር የሚያጥብ። በየገጹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እነሱ ባይኖሩ ግብሩ አይበላም፣ ደብዳቤው አይደርስም፣ ፍቅሩም አይኖርም። ይህን ቆጠራ ከለመዳችሁ በኋላ ሌላ የድሮ መጽሐፍም ብታነቡ፣ የሩሲያም የእንግሊዝም ቢሆን፣ እጃችሁ ወዲያው ወደ እርሳስ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ወደ ራሳችሁ ግቢ። ጥበቃውን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯቸው? ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ስንተኛ ሆና ነው የምትበላው? ታላቃችሁ ሆና ሳለ «አንቺ» የምትሉት ስንት ሴት አለች? ይህን የምጠይቃችሁ ላሳፍራችሁ አይደለም። እኔ ያፈርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ነው።

ይህን ታሪክ ባለፈው ለልጅ ልጄ ነግሬያት ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የእኔን አሮጌ ቅጂ ከነእርሳስ ምልክቱ ታነበዋለች። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ጋቢያቸው፣ ወለሉን ስለ መጥረጋቸው ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «አያቴ፣ ስማቸው ማን ነበር?» አለችኝ።

መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ ነበር የጻፍኩት። ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው። ሦስት ቀን አሰብኩ። ወንበሩን አስታውሳለሁ። የጋቢያቸውን ጥለት አስታውሳለሁ። ስማቸው አልመጣልኝም።