ለስዊፕ ሜሽ ቅርጽን መከፋፈል፦ የአራት ኪሎው ቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ከተማሪዎችና ከወጣት መሐንዲሶች ጋር ተቀምጠን ነበር። ጥያቄዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጉዳይ ያመሩ ነበር፤ አንድን ጠጣር አካል ለሲሙሌሽን ስናዘጋጅ ስዊፕ ሜሽ (አካሉን ለስሌት ኤለመንት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ንብብር በንብብር የሚከፍል መረብ) እንዲቀበል እንዴት እንከፋፍለው? የመለስኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ስዊፕ ሲባል በትክክል የሚደረገው ምንድን ነው?

መልስ፦ መሶብ ውስጥ የተነባበረ እንጀራ አስብ። መነሻው ገጽ ላይ የተሠራው ንድፍ በጎን ገጾቹ እየተመራ፣ ንብብር በንብብር እስከ መድረሻው ገጽ ይደገማል። የጎን ገጾቹ ታዲያ እንደ አራት ማዕዘን በረድፍና በአምድ ሊከፈሉ የሚችሉ መሆን አለባቸው። ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያልፍ ቀዳዳ አይጎዳም፤ እያንዳንዱ ንብብር ላይ ይደገማልና። ጎን ላይ የተበሳ አንድ ቀዳዳ ግን ሥራውን ሁሉ ያስቆማል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሙቀት ስርጭት እያሰላሁ ነው። ሸክላው ከሥሩ የሽቦ ቦይ ስላለው ስዊፕ አልቀበል አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ሥራው የቤታችን ነው። በቦዩ ወለል ልክ አግድም አንድ ጊዜ ቁረጪው። ከላይ ሙሉ ክብ ዝርግ፣ ከታች ደግሞ ጠመዝማዛ ክፍተት ያለበት ዝርግ ታገኛለሽ፤ ሁለቱም በውፍረታቸው አቅጣጫ ስዊፕ ይቀበላሉ። የቦዩ ወለል ጎባጣ ከሆነ አስቀድመሽ ጠፍጣፋ አድርጊው፤ ሽቦው ሸክላውን የሚነካበትን ስፋት ግን ጠብቂ።

አሁን ጥንቃቄ። የላይኛው ዝርግ የታችኛው ፊቱ በቦዩ መስመር ተከፋፍሏል፣ የላይኛው ፊቱ ግን አንድ ወጥ ነው። መነሻ አድርገሽ የምትመርጪው የተከፋፈለውን ነው፤ ብትገለብጪው ንድፉ የቦዩን መስመር አያውቀውም። ሁለቱ ዝርጎች ደግሞ የሚገናኙበትን ገጽ በጋራ መያዝ አለባቸው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ይህን ረስቼ፣ ሙቀቱ መቁረጫው መስመር ላይ ተቋርጦ ሲቀር ሁለት ቀን ሙሉ ስህተቱን ከቁሱ ባሕርይ ላይ ስፈልግ ነበር። ከሽቦው በላይ ላለው ሸክላ ቢያንስ 4 ንብብር ስጪው፤ የሙቀቱ ልዩነት የሚጠነክረው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ቲ ቅርጽ ያለው የቧንቧ መገጣጠሚያስ?

መልስ፦ ሁለቱ ቧንቧዎች እኩል ዲያሜትር ካላቸውና በ90 ዲግሪ ከተገናኙ መልካም ዕድል ነው፤ የሚገናኙባቸው መስመሮች በ45 ዲግሪ ባዘነበሉ ሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ያርፋሉ። በእነዚያ ገጾች ቁረጥ። ቅርንጫፉን በመካከሉ ለሁለት ክፈለው፤ አለዚያ አንድ መነሻ ሁለት መድረሻ ይኖረዋል። ዋናውን ቧንቧም በዘንጉ ርዝመት የላይኛውንና የታችኛውን ግማሽ ለይ። ዲያሜትሮቹ ከተለያዩ መስመሩ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስለማያርፍ ሥራው ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የተከፈለው አካል ዝግጁ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ አባከስ የተባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር በቀለም ይነግርሃል፤ ቢጫ ከሆነ ስዊፕ ይቀበላል፣ ብርቱካናማ ከሆነ በመረጥከው የኤለመንት ቅርጽ አይሠራም።

ጥያቄ፦ የተሞረዱ (ሹልነታቸው ተጠጋግቶ የለዘበ) ጠርዞችን ሁሉ ላጥፋ?

መልስ፦ ሁሉንም አይደለም። ከስዊፑ አቅጣጫ ጋር ትይዩ የሆነው ጠርዝ ምንም አያደርግህም። የምትፈልገው የውጥረት መጠን እዚያው ማዕዘን ላይ ከሆነ ደግሞ በፍጹም እንዳትነካው፤ ሹል የውስጥ ማዕዘን ሜሹ በረቀቀ ቁጥር ውጥረቱን ያለ ገደብ ያሳድገዋል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቴትራ (አራት ፊት ያለው ኤለመንት) ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ ይሠራ የለም ወይ?

መልስ፦ ይሠራል። የመጀመሪያ ደረጃ ቴትራ (የስሌት ነጥቦቹ ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ያሉት) ግን መታጠፍ ሲመጣ ከእውነተኛው በላይ ግትር ይሆናል፤ ስስ ዝርግ ላይ ካዋልከው መጉበጡን አሳንሶ ያሳይሃል። የሁለተኛ ደረጃው፣ በየጠርዙ መካከልም ነጥብ ያለው፣ ታማኝ ነው። ስለዚህ እንደ ፓምፕ የውጭ ሽፋን ያለ፣ በየአቅጣጫው የሚታጠፍ፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ የብረት ሥራ ሲመጣብህ ቀናትህን በመቁረጥ አትጨርስ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ቴትራ ስጠው፣ ዘንጉንና ብሎኖቹን ብቻ በስዊፕ ሥራ።