ጠፈር ላይ የምን ሳቅ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ድራማዎች ስጽፍ «የሚያስቁትን ክፍሎች ደግሞ ሌላ ጊዜ» ብዬ ማለፌን ያልረሳችሁ ብዙ ናችሁ። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ጥቂቱን መርጫለሁ። የረዘመውን አሳጥሬያለሁ፤ ቆጣ ያለውንም ትንሽ አለስልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ስታር ትሬክን ልጀምር ስል ጓደኛዬ «መጀመሪያ የትሪብሎቹን ክፍል እይ» አለኝ። ከፍቼ ሳይ ፀጉራም ኳስ መርከቧን ሞልቷታል። ያ ሁሉ የተወራለት ይሄ ነው እንዴ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዎ፣ ይሄው ነው። ግን ኳሶቹን ተዋቸውና ሰዎቹን እያቸው።

ክፍሉ የተላለፈው ዲሴምበር 29 ቀን 1967 ነው። ደራሲው ዴቪድ ጄሮልድ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው አንድ አጭበርባሪ ነጋዴ ለመርከበኛዋ ለኡሁራ ትሪብል የሚባል ለስላሳ ፍጡር ሲሰጣት ነው። ትሪብል ሲዳስሱት እንደ ድመት ኩርር ይላል። ሥራው መብላትና መውለድ ብቻ ነው። አጠገቡ ደግሞ መርከቧ እንድትጠብቀው የታዘዘች ጎተራ ሙሉ እህል አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ራስህ ትገምታለህ።

የመርከቧ መኮንን ስፖክ የትሪብሎቹን ቁጥር ሲናገር ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፦ 1,771,561። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተጠራ አይደለም። አንድ ትሪብል በየ12 ሰዓቱ 10 ቢወልድ፣ እናትየው ስትጨመር 11 ይሆናሉ። በሦስት ቀን ውስጥ 12 ሰዓት ስድስት ጊዜ አለ። ስልክህን አውጣና 11ን በ11 እያባዛህ እስከ ስድስተኛው ድረስ ሂድ። ልክ እዚያው ቁጥር ላይ ታርፋለህ። ቀልድ ውስጥ እንዲህ የተጣራ ሒሳብ ማስገባት ደስ ይለኛል።

አሁን ጎተራው ጋ እንምጣ። ካፒቴን ከርክ ከአናቱ በላይ ያለውን በር ሲከፍት ትሪብሎቹ እንደ ጎርፍ ይወርዱበታል። እስከ ደረቱ ይቀበራል። በዚህ መሀል የሚነጋገረው ስለ ከባድ ጉዳይ ነው፤ እህሉ ተመርዟል። እሱ ሲናገር አንዱ ትሪብል አናቱ ላይ ዱብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላው። ከርክን የሚጫወተው ዊልያም ሻትነር አይስቅም፣ ፈገግም አይል። ቀኑ የተበላሸበት አለቃ ነው፣ በቃ። ለእኔ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ጭንቅ ላይ ናቸው፤ የምንስቀው እኛ ነን።

ሌላም ልጨምርልህ። መጠጥ ቤት ውስጥ ክሊንጎን የሚባሉት ባላንጣዎች ካፒቴኑን ሲሰድቡ ኢንጂነሩ ስኮቲ ጓደኛውን ይዞ «ተው፣ ተረጋጋ» ይላል። መርከቧን ሲሰድቡ ግን ደሙ ይፈላና የመጀመሪያውን ቡጢ ራሱ ያሳርፋል። በኋላ ከርክ ሲጠይቀው እውነቱን ይናገራል። አለቃውን ሲሰድቡ ዝም ብሎ ለመርከቧ ተደባደበ! የከርክን ፊት እዚያ ላይ አቁመህ እየው። ስኮቲን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀልድ ብቻ አይደለም፣ የሰውየው ጠባይ ነው።

ጥያቄ፦ የትሪብሉ ሐሳብ ከልብወለድ የተሰረቀ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ መመሳሰሉ እውነት ነው። ሮበርት ሃይንላይን በ1952 ባወጣው ልብወለድ ውስጥ ጠፈር መርከብ ላይ የሚራቡ ጠፍጣፋ ድመቶች አሉ። አዘጋጆቹም ነገሩን አይተው ቀድመው ደወሉለት። እሱ ካሳ አልጠየቀም። እንዲያውም ሐሳቡ ከሁለቱም በፊት የነበረ መሆኑን አንስቷል። ኤሊስ ፓርከር በትለር በ1905 አንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛን በጊኒ ፒግ ያጥለቀለቀበት አስቂኝ ታሪክ አለ። ስለዚህ ሌባ ከተባለ ወረፋው ረጅም ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አስቂኝ ክፍል ሲመጣ «ይሄ መሙያ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። እኔ ደግሞ እሱን ነው የምጠብቀው። ማን ነው ልክ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ በትዳር መሀል መግባት አልወድም። ግን ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው።

አንዳንዱ አስቂኝ ክፍል የሚወለደው ከሥራ ጫና ነው። ዶክተር ሁ የሚባለው የእንግሊዞች ተከታታይ በ2006 «ላቭ ኤንድ ሞንስተርስ» የሚል ክፍል ነበረው። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ዶክተሩ ራሱ፣ ለምልክት ያህል ብቻ ነው ብቅ የሚለው፤ በዚያው ሰሞን ሌላ ክፍል ይቀረጽ ስለነበር ነው። ጭራቁንም የፈጠረው በልጆች ፕሮግራም ውድድር ያሸነፈ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ክፍሉን የሚጠላው ብዙ ነው። እኔ የመጀመሪያውን አጋማሽ እወደዋለሁ። ዶክተሩን ፍለጋ የተሰባሰቡ ብቸኛ ሰዎች ፍለጋውን ትተው ሙዚቃ መጫወት ሲጀምሩ ልብ ይነካል። መጨረሻው ግን ባይነሳ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ላንቺ ላድላ። ጠፈር ጣቢያ ላይ የሚካሄደው የስታር ትሬክ ተከታታይ፣ ዲፕ ስፔስ ናይን፣ በ1997 ጦርነቱ ሊፈነዳ አንድ ክፍል ሲቀረው ምን አደረገ? አንድ ሙሉ ክፍል ለአንድ ቤዝቦል ካርድ ሰጠ። አዛዡ ሲስኮ ጨንቆታል፣ ጣቢያው በሙሉ ፊቱ ጠቁሯል። ልጁ ጄክ አባቱን ለማስደሰት የዊሊ ሜይስ ካርድ ሊገዛለት ይነሳል። ከጓደኛው ከኖግ ጋር ሆነው ካርዱን ለማግኘት ለመርከበኞቹ ሁሉ ይላላካሉ፤ የአንዱን ሥራ ለሌላው ይሠራሉ። ሲጨርሱ ጣቢያው ውስጥ ያኮረፈ ሰው የለም። ቀጣዩ ክፍል ላይ ጦርነቱ ይጀመራል። ያን ሳቅ ዘልሎ ያለፈ ሰው ጦርነቱ ምን እንደወሰደ በደንብ አይገባውም። ይሄን አንብቢለት። ካኮረፈ እኔ የለሁበትም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የልጅ ልጆቼ እነዚህን ፊልሞች ያያሉ፣ እኔ ግን ከመሀል እየገባሁ አይገባኝም። ያለፈውን ሳላውቅ አብሬያቸው የምስቅበት አንድ ክፍል ንገረኝ። (ከደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ የስታርጌት ኤስጂ-1ን «ዊንዶው ኦፍ ኦፖርቹኒቲ» መርጫለሁ። የ2000 ሥራ ነው። ማወቅ ያለብዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወታደሮች በአንድ ትልቅ ክብ በር እያለፉ ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳሉ።

በዚህ ክፍል አንድ መሣሪያ ጊዜን ያስራታል። አሥር ሰዓት ገደማ ያልፍና ሁሉም ነገር ከቁርስ ይጀምራል። ይህን የሚያስታውሱት ኮሎኔል ኦኒልና ቲልክ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያንኑ ስብሰባ እንደገና ይቀመጣሉ፣ ያንኑ ማብራሪያ እንደገና ይሰማሉ። ስንት ዓመት ያንኑ ትምህርት ላስተማረ ሰው ይሄ ሳይንስ ፊክሽን ላይመስለው ይችላል! ቲልክ በኮሪደር ሲያልፍ አንድ ሰው በር ከፍቶ ይገጨዋል፤ በየዙሩ፣ እዚያው ቦታ። ሲበቃው የሚያደርገውን አልነግርዎትም።

ከዚያ አንዱ ባልደረባቸው የዋህ ጥያቄ ያነሳል። ሁሉም የሚረሳ ከሆነ የፈለጋችሁትን ብታደርጉስ? ኦኒል ብስክሌት በኮሪደር ይነዳል፣ ሸክላ ይሠራል። በኋላ ሁለቱ በዚያ ክብ በር በኩል ጎልፍ ይለጋሉ። ጄኔራሉ ገብቶ ሲጮህበት ኦኒል የሚቆጣው ኳሱን ሊመታ ሲል ስላቋረጠው ነው።

መጨረሻው ላይ ግን ሳቁ ያቆማል። መሣሪያውን የነካው ሰው የሞተችውን ሚስቱን ለማየት የሚለፋ ነው፤ ኦኒል ደግሞ ልጁን ቀብሯል። ሁለቱ ሲነጋገሩ ልጆቹ ዝም ካሉ አይደነቁ።

ጥያቄ፦ ኤክስ ፋይልስን በልጅነቴ ስፈራው ነው ያደግኩት። እህቴ «የሚያስቅም አለው» ትላለች። ትሸውደኛለች እንዴ? (ከሃይፋ)

መልስ፦ አልሸወደችህም። የ1998ቱን «ባድ ብለድ» ፈልግ። ጸሐፊው ቪንስ ጊሊጋን ነው፤ በኋላ ብሬኪንግ ባድን የፈጠረው ሰው።

የኤፍቢአይ መርማሪው ሞልደር አንድ ፒዛ አመላላሽ ልጅ ቫምፓየር ነው ብሎ ልቡ ላይ እንጨት ሰክቶበታል። የልጁ ጥርስ የውሸት ሆኖ ተገኘ። ሞልደርና የሥራ አጋሩ ስከሊ አለቃቸው ፊት ከመቅረባቸው በፊት ቃላቸውን ሊያመሳስሉ ይቀመጣሉ። አንዱ ቀን ሁለት ጊዜ ይተረካል። በስከሊ ትረካ የከተማው ሸሪፍ መልከ መልካም ነው፣ ሞልደር ደግሞ ሰው የማያናግር አዛዥ። በሞልደር ትረካ እሱ ትሑት ነው፣ እሷ ነጭናጫ። ሸሪፉስ? የፊት ጥርሱ ወጣ ወጣ ብሏል። ቅናት ማለት ያቺ ጥርስ ናት። ሞልደር «ቀንቻለሁ» አይልም፤ ጥርሱ ይናገርለታል።

የሱፍ ፍሬውን ልብ በል። ሞልደር ቫምፓየር የተበተነ ነገር ሲያይ ሳይለቅም አያልፍም የሚል ተረት ያውቃል፤ በፒዛው ተመርዞ መነሳት ሲያቅተው ያለውን ሱፍ ወለሉ ላይ ይበትናል። ገዳይ ሊሆን የመጣው ልጅ እየተነጫነጨ ተንበርክኮ መልቀም ይጀምራል። ፈርተህ ያደግክበትን ነገር እንዲህ ስታየው ትንሽ ይካስሃል።

ጥያቄ፦ ኳስ ያለበት አለ? ሌላው አያገባኝም። (ከአዳማ)

መልስ፦ አለ። ዶክተር ሁ፣ «ዘ ሎጀር»፣ 2010። ዶክተሩ ኮልቸስተር ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ተራ ሰው ለመምሰል ይሞክራል። አከራዩ ለኳስ ጨዋታ ሲጋብዘው «ኳስ ማለት በዱላ የሚጫወቱት ነው አይደል?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ሜዳ ገብቶ ሁሉንም ያተራምሳል። ዝም ብሎ ትወና እንዳይመስልህ። ዶክተሩን የተጫወተው ማት ስሚዝ ጀርባው እስኪጎዳ ድረስ በኖቲንግሃም ፎረስትና በሌስተር ሲቲ የወጣት ቡድኖች የተጫወተ ልጅ ነው። የተላለፈውም እንግሊዝ ከአሜሪካ ጋር በዓለም ዋንጫ በተገናኘችበት ዕለት ነው።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የከፋውስ?

መልስ፦ ሎስት ኢን ስፔስ፣ ፌብሩዋሪ 1968። ሰው የሚያክል ካሮት ቤተሰቡን አበባ ቀጠፋችሁ ብሎ በነፍስ ግድያ ይከሳል። አልቀለድኩም። ተዋናዮቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር። እናትየውን የምትጫወተው ጁን ሎክሃርት በኋላ እንዳወራችው፣ በዚያ ሳቅ ምክንያት እሷና ጋይ ዊልያምስ ከተከታዮቹ ክፍሎች ተቀጥተው ወጥተዋል።

የሚገርመው ግን ካሮቱ ማን እንደሆነ ነው። ስታንሊ አዳምስ ይባላል። ከሁለት ወር በፊት ትሪብል ይሸጥ የነበረው ያ አጭበርባሪ ነጋዴ እሱ ነው። ሰውየው ያው፣ ችሎታው ያው። ስታር ትሬክ ላይ ዙሪያው ያሉት ሰዎች የምር ተጨንቀው ስለነበር አሳቀን። እዚህ ካሮቱን የምር የወሰደው ሰው አልነበረም፤ ልብሱን ለብሶ ብቻውን ለፋ።

ጥያቄ፦ ባትልስታር ጋላክቲካ የሚያስቅ ክፍል አለው?

መልስ፦ የ2004ቱን ከሆነ፣ ራሱን የቻለ አስቂኝ ክፍል ፈልገህ አትድከም። ሳይንቲስቱ ባልታር ብቻውን ሲያወራ ሰው ሲገባበት ትስቃለህ። እሱን ይዘህ ዝለቅ።

ጥያቄ፦ የድሮዎቹ ክሊንጎኖች ግንባራቸው እንደኛው ለጥ ያለ ነው። የኋለኞቹ ደግሞ ግንባራቸው ላይ ተራራ አለ። ለምን? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ትክክለኛው መልስ ገንዘብ ነው። በ1960ዎቹ ለዚያ ሁሉ ሜካፕ የሚሆን በጀት አልነበረም።

በ1996 ግን ዲፕ ስፔስ ናይን የስታር ትሬክን 30ኛ ዓመት ለማክበር የራሱን ሰዎች የድሮው የትሪብል ክፍል ውስጥ አስገባቸው። ሲስኮና ባልደረባው ዳክስ ጎተራው ውስጥ ሆነው ትሪብል እየመረመሩ ይወረውራሉ፤ ከርክ አናት ላይ አንድ አንድ እያለ ይወድቅ የነበረው ምክንያቱ ይሄ ሆኖ አረፈው። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጓደኞቹ ለጥ ያለ ግንባር ያላቸውን ክሊንጎኖች አይተው ወደ ዎርፍ ይዞራሉ፤ እሱ ክሊንጎን ነዋ። ዎርፍ ቆፍጠን ብሎ ከውጭ ሰው ጋር እንደማይወያዩበት ይነግራቸዋል።

በ2005 ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ተከታታይ ጉዳዩን በቁም ነገር ይዞ በቫይረስ ምክንያት ነው ብሎ አብራራው። ለዚያም ሁለት ክፍል ፈጀበት። ዎርፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶት ነበር።