ዌብሳይት ዲዛይን ከየት ልጀምር ላልሽው እህት

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፤ ኮምፒውተር የምታውቂው እስከ ኤክሴል ነው፤ ጊዜ ያለሽ ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ ነው። ዌብሳይት ዲዛይን መማር ፈልገሽ ከየት እንደምትጀምሪ ግራ ገብቶሻል። ኮርስ ልክፈል ወይ? ዎርድፕረስ (ኮድ ሳይጻፍ ዌብሳይት መሥሪያ) ይሻላል ወይስ ኮድ? አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃኛል ወይ? ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ ልጆች ረጅም የስም ዝርዝር ደርድረውልሻል። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ግን ጀማሪን ያስበረግጋል። ሪአክት፣ ኖድ፣ ቴይልዊንድ የተባሉትን መሣሪያዎች ለጊዜው እርሺያቸው።

እኔ በዚህ ሙያ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ ቆየሁ። አዳዲስ ልጆችንም ጎን ለጎን አሠለጥናለሁ። እስካሁን ካየኋቸው ቶሎ ሥራ የያዙት ለአንድ የሚያውቁት ሰው አንድ እውነተኛ ገጽ ቀድመው የሠሩት ናቸው። ኮርስ በኮርስ ላይ የሚደራርቡት ግን ቪዲዮ ሲያዩ ሁሉም ይገባቸዋል፤ ባዶ ገጽ ፊታቸው ሲቀመጥ ግን እጃቸው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ምረጪ። ልብስ ሰፊ አክስት፣ ዳቦ ቤት ያለው ጎረቤት፣ የልጅሽ መዋዕለ ሕፃናት፣ ማንም ይሁን። ገንዘብ አትጠይቂ። ብቻ ሰውየው እውነተኛ ይሁን፤ «ይሄ አልተመቸኝም» የሚልሽ ሰው ያስፈልግሻል።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ሴት አገኘሽ እንበል። ለእንዲህ ዓይነት ሱቆች ደጋግሜ ስለሠራሁ ጉዳዩን አውቀዋለሁ። ላፕቶፕ ሳትከፍቺ በፊት ሱቋ ሄደሽ ተቀመጪ። ደንበኛ ደውሎ ምን እንደሚጠይቅ ስሚ። ሁልጊዜ ያው ነው፦ ዋጋው ስንት ነው? በስንት ቀን ይደርሳል? ሱቃችሁ የት ጋ ነው? እነዚህ መልሶች ስልክ ላይ ገጹ ገና ሲከፈት፣ ጣት ሳይንቀሳቀስ መታየት አለባቸው። ባለሱቋ ምናልባት ትልቅ ሎጎና የሚሽከረከር ፎቶ ትፈልግ ይሆናል። በትህትና ተከራከሪያት። ከዚያ ወረቀት ላይ በእርሳስ የስልክ ቅርጽ ሣዪና ምን የት እንደሚቀመጥ ሞክሪ። ዲዛይን የምንለው ነገር ግማሹ እዚህ ያልቃል።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችም ይወጣሉ። «ሱቁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው» ብለሽ ብትጽፊ አዲስ አበባ ያለው ሰው ይገባዋል። እንግሊዝኛው ላይ ግን ቁጥሩን እንዳለ ከገለበጥሽው ዋሽንግተን ያለችው ደንበኛ ትደናገራለች፤ በእንግሊዝኛው ከጠዋቱ 9 እስከ ምሽቱ 7 መሆን አለበት። ስልክ ቁጥሩም እንዲሁ። ውጭ ያለ ሰው እንዲደውል ፊት ያለችው 0 ወጥታ 251 ትገባለች። ቁጥሩንም ሲነካ እንዲደውል አድርጊው። ስልክ ቁጥር በፎቶ ውስጥ ጽፎ መለጠፍ የሚባል መጥፎ ልማድ አለን፤ ሊነኩትም ኮፒ ሊያደርጉትም አይቻልም።

አሁን ወደ ኮዱ። የሚያስፈልጉሽ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ኤችቲኤምኤል እና ሲኤስኤስ። የመጀመሪያው ገጹ ላይ ምን እንዳለ ይናገራል፤ ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ አንቀጽ ነው፣ ይሄ ፎቶ ነው እያለ። ሁለተኛው እንዴት እንደሚታይ ይወስናል። ኤችቲኤምኤል ውስጥ ከመቶ በላይ ታግ (ይሄ ምን እንደሆነ የሚናገር ምልክት) አለ፤ በየቀኑ የምትጠቀሚው ግን ሃያ ቢሆን ነው። ኤክሴል ላይ ፎርሙላ የጻፈች ሴት ይሄ አይከብዳትም። ደግሞ ፎርሙላ ሲሳሳት ኤክሴል ይጮኻል፤ ኤችቲኤምኤል ግን ዝም ብሎ የቻለውን ያሳያል። ይሄ ለጀማሪ ደግ ነው፣ ስህተት ለመፈለግ ግን ያስቸግራል።

ደስ የሚለው ነገር ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንድ ፎልደር፣ አንድ ፋይል፣ አንድ ብራውዘር (እንደ ክሮም ያለ ገጽ መክፈቻ)። ትጽፊያለሽ፣ ሴቭ ታደርጊያለሽ፣ ሪፍሬሽ ትያለሽ። ፓኬጅ አለቀ፣ ኔት ጠፋ ብሎ ሰበብ የለም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ትሠሪያለሽ።

ሲኤስኤስ ላይ ጀማሪን የሚያሰቃየው «ይሄ ክፍተት ከየት መጣ?» የሚለው ነው። ክሮም ላይ ኤፍ 12ን ተጫኚና የምትጠረጥሪውን ነገር ምረጪ። ብራውዘሩ ዕቃውን ቀለም ቀብቶ ያሳይሻል። ሰማያዊው ይዘቱ ነው፤ አረንጓዴው ፓዲንግ፣ ማለትም በይዘቱና በጠርዙ መካከል ያለው ቦታ፤ ብርቱካናማው ማርጂን፣ ከጎረቤቱ የሚለየው ቦታ። ቁጥሩን እዚያው ቀይረሽ ወዲያው ውጤቱን ታያለሽ። ፋይልሽ አይነካም፤ ሪፍሬሽ ስትይ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። በሌሎች ሰዎች ዌብሳይት ላይም ይሠራል። የምትወጂውን ገጽ ከፍተሽ ርዕሱ ስንት ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) እንደሆነ፣ በመስመሮቹ መካከል ስንት ቦታ እንዳለ እይ። እኔ ከኮርስ ይልቅ ከዚህ ብዙ ተምሬያለሁ።

እነዚህ ሳጥኖች፣ ይዘቱ፣ ፓዲንጉና ማርጂኑ፣ ከገቡሽ በኋላ ፍሌክስቦክስ የሚባለውን የሲኤስኤስ ክፍል ተማሪ፤ ነገሮችን ጎን ለጎን ለመደርደር ነው። ግሪድ ይቀጥላል፤ እሱ እንደ ኤክሴል በረድፍና በዓምድ ለመደርደር ነው። ከዚያ ሚዲያ ኩዌሪ፣ ማለትም ስክሪኑ ሲሰፋ አቀማመጡ እንዲቀየር ማድረግ። ሁልጊዜ ከስልኩ ጀምረሽ ወደ ኮምፒውተሩ አስፊ። የኛ ሰው ገጽሽን በስልክ ነው የሚያየው። ቪውፖርት የምትባለዋን አንድ መስመር ከፋይሉ ራስጌ አትርሺ። እሷ ከሌለች ስልኩ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ስክሪን ቆጥሮ አሳንሶ ያመጣዋል፤ ሰውም በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ሊያነብ ይታገላል።

አማርኛ ገጽ ስትሠሪ ደግሞ የፈረንጅ ኮርሶች የማይነግሩሽ ጣጣ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የኛ ፊደል በፈረንጆች 1999 ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ) ውስጥ ስለገባ ዛሬ ማንኛውም ስልክ ያነበዋል። ግን ባለሱቋ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ልትሰጥሽ ትችላለች። ኮፒ አድርገሽ ስትለጥፊው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል። አትደንግጪ፤ ቫይረስ አይደለም፣ ወይ መቀየሪያ ፈልጊ ወይ እንደገና ጻፊው። የራስሽ ፋይል ደግሞ በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድን ፋይል ላይ የማስቀመጫ መንገድ) ሴቭ ይደረግ፤ ያንንም ፋይሉ ራስጌ ላይ ጻፊው። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑንም እዚያው አሳውቂ፤ አለዚያ ብራውዘሩ በግምት ይሄዳል።

ፎንት ከፈለግሽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጉግል ፎንትስ ላይ በነፃ አለ፤ ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። የመስመር ርቀቱን ግን እንግሊዝኛ ላይ እንደለመድነው አታጥብቢው። ፊደሎቻችን ሞላ ያሉ ስለሆኑ መስመሮቹ ከተጠጋጉ ገጹ ይጠቁራል። እኔ ከፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ በታች አልወርድም። ኮርሱ «ርዕሱን በካፒታል አድርጉት» ሲል ዝለዪው፤ የለንም። ኢታሊክም አትጠቀሚ፤ ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያጋድለዋል፣ ያስቀይማል። ማጉላት ስትፈልጊ በመጠንና በውፍረት አጉዪ። ጽሑፉን በሁለቱም በኩል እኩል አድርጎ መወጠርም ስልክ ላይ አይሆንም። ቃላታችን ረጃጅም ናቸው፤ በመካከላቸው ገደል የሚያክል ክፍተት ይፈጠራል።

በተኖችንም፣ ማለትም ገጹ ላይ የሚነኩትን ቁልፎች፣ ተጠንቀቂ። ዝግጁ ቴምፕሌቶች (ተሠርተው የቀረቡ የገጽ ንድፎች) ለአጭር የእንግሊዝኛ ቃል ተለክተው የተሰፉ ናቸው። «ትዕዛዝዎን ይላኩ» ስትይበት ጽሑፉ ከበተኑ ይወጣል። ስፋቱን በቁጥር አትገድቢ፤ ፓዲንግ ስጪውና እንደ ጽሑፉ ይለጠጥ።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር። ባለሱቋ በስልኳ ያነሳችው አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። አሥር ቀሚስ ስትደረድሪ የደንበኛው ፓኬጅ አለቀ፤ ከዚያ በፊት ግን ትዕግሥቱ ያልቃል። ስኩሽ የሚባል ነፃ የጉግል መሣሪያ አለ፤ ብራውዘር ላይ ይሠራል። ስፋቱን ቀንሺ፣ ወደ ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት) ቀይሪ፤ ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፣ ልዩነቱም በዓይን አይታይም። ጨርቁ ላይ ያለው ጥለት ግን መድበስበስ የለበትም፤ ሰው የሚገዛው እሱን አይቶ ነው። ጥለቱን ቀረብ አድርገሽ ለብቻው አንሺው።

ቀለም ላይ ብዙ ሰው ይባክናል። ነጭ ጀርባ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ከቀሚሱ ጥለት የተወሰደ አንድ ቀለም። ለጊዜው ይበቃሻል። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ነጭ ላይ አታድርጊ፤ ፀሐይ ላይ ስልክ የያዘ ሰው አያነበውም።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልመለስ። ዎርድፕረስ ወይስ ኮድ? ዎርድፕረስ ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬ ከዓለም ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩት በሱ ነው። ገንዘብ ያለበት ሥራም በአብዛኛው እዚያ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስን ያዢ። እነሱን ሳያውቁ ዎርድፕረስ የገቡ ልጆች አንድ ነገር ከቦታው ሲዛነፍ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ተቀጽላ ፕሮግራም) ይጭናሉ። ያም ሲበላሽ ሌላ ፕለጊን። መጨረሻ ላይ ገጹ ለመከፈት ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ይወስዳል። ሁለት ሦስት ገጽ በእጅሽ ከሠራሽ በኋላ ዎርድፕረስን በደንብ ታዢዋለሽ።

ጃቫስክሪፕት፣ ገጹን ሲነኩት እንዲሠራ የሚያደርገው የኮድ ቋንቋ? ይቆይ። ምኑን እንደምትፈልጊው ስታውቂ ጀምሪው። በነገራችን ላይ ፈጣሪው ብሬንዳን አይክ በ1995 የመጀመሪያውን ቅርጹን በ10 ቀን ነው የሠራው ይባላል፤ ለመማር ግን 10 ቀን አይበቃም።

ኮርስ ልክፈል ወይ ላልሽው፣ አሁን አትክፈዪ። ፍሪኮድካምፕ የሚባለው የኮድ መማሪያ ዌብሳይት ነፃ ነው፤ እየጻፍሽ ነው የምትማሪው። በ2024 የተጀመረው የመንግሥት የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ነፃ ነው፤ ሰርተፊኬት ከፈለግሽ እሱን ሞክሪ። አንድ ታግ ወይም አንድ የሲኤስኤስ ትእዛዝ ሲጠፋብሽ ኤምዲኤን የሚባለው የማጣቀሻ ዌብሳይት ላይ ፈልጊ። እንግሊዝኛው መጀመሪያ ያስጨንቃል፤ ግን የሚደጋገሙት ቃላት ጥቂት ስለሆኑ ትለምጃቸዋለሽ። ደንበኛ ሰርተፊኬትሽን ጠይቆ አያውቅም፤ «የሠራሽውን አሳዪኝ» ነው የሚለው። ክፍያ የሚያዋጣው አጠገብሽ ተቀምጦ ኮድሽን የሚያይልሽ ሰው ካገኘሽ ነው።

ቻትጂፒቲ ሙሉ ገጽ ጽፎ ሊሰጥሽ ይችላል። እኔም እጠቀምበታለሁ። አንቺ ግን ለጊዜው «ይሄን መስመር አስረዳኝ» ብቻ በዪው። ያልገባሽን ኮድ ለባለሱቋ ካስረከብሽ በኋላ «ይቺን ብቻ ቀይሪልኝ» ስትልሽ ልብሽ ይወርዳል።

ላፕቶፕሽ 4 ጊጋ ራም ካለው ይበቃል። ኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ነፃ ነው፤ ከከበደው ኖትፓድም ያስኬዳል። ብዙ የክሮም ታብ አትክፈቺ እንጂ ሌላ ችግር የለም።

ገጹ ሲያልቅ ጊትሃብ ፔጅስ የሚባለው አገልግሎት ላይ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ማውጣት ይቻላል። ባለሱቋ የራሷን ስም ከፈለገች ዶሜን (የዌብሳይት አድራሻ ስም) ትገዛለች፤ ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። የዶላር ካርድ ከሌላት ብር ተቀብለው የሚገዙላት አገር ውስጥ አሉ። እዚህ ላይ አደራ፦ ዶሜኑ በእሷ ስም፣ በእሷ ኢሜይል ይመዝገብ። በሠሪው ስም ተመዝግቦ፣ ሠሪው አገር ለቆ ሄዶ፣ ስማቸው በሰው እጅ የቀረባቸው ነጋዴዎች እኔ ጋ መጥተው ያውቃሉ። ስሙን ማስመለስ ከባድ ነው፤ አንዳንዴም አይሆንም። ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫት፣ የእድሳቱን ቀንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጨምሪላት።

ስታወጪው ሊንኩን እዚሁ ከሥር አስቀምጪ። መጀመሪያ በስልክ ነው የምከፍተው።