ተኩላው በየት በኩል እንደገባም ይጻፍ

አንዲት እህታችን ጥያቄ ጠይቃለች። የልጆች ቴአትር ቡድናቸው 15 ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ለመድረክ ያበቋቸውን ሥራዎች ታሪክ የመሰብሰቡ ኃላፊነት እሷ ላይ ወድቋል። በእጇ ያለው አንድ ካርቶን ወረቀትና ስልክ ሙሉ ፎቶ ነው። «ከየት ልጀምር? ሁለት ቀን ታይቶ የቀረውንስ ልቁጠረው?» ትላለች።

እኔ ይህን ሥራ አንዴ ሠርቼዋለሁ። በአንድ የልጆች ቴአትር ቡድን ውስጥ መጀመሪያ በተዋናይነት፣ ኋላ ደግሞ በስቴጅ ማናጀርነት ቆይቻለሁ። የ22 ዓመቱን ታሪክ ሰብስብ ስባል «የሁለት ሳምንት ሥራ ነው» ብዬ ተቀበልኩ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ መልሴ ቢረዝምብሽ አትፍረጂብኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ተኩላ ያለበት አንድ ሥራ ነበረን። ተኩላው በአዳራሹ የኋላ በር ገብቶ በልጆቹ መካከል አልፎ ነበር መድረክ ላይ የሚወጣው። ጥናት (ልምምድ) ላይ አሪፍ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን ፊት ፊት የተቀመጡት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ሆኑ። ጭምብሉ ከኋላቸው ብቅ ሲል አዳራሹ በለቅሶ ተናወጠ። ግማሹ እናቱ ጉያ ገባ፣ ግማሹ ወደ በሩ ሮጠ። ትርኢቱን አቋርጠን መብራት አበራን። በሦስተኛው ቀን መላ አገኘን። ተዋናዩ ጭምብሉን በእጁ ይዞ በመድረኩ በኩል ይወጣል፣ ልጆቹን ሰላም ይላል፣ ከዚያ እያዩት ያጠልቀዋል። ለቅሶው ቆመ። እንዲያውም «አውቀንሃል!» እያሉ ይስቁበት ጀመር።

ይህን ለውጥ ግን ማንም አልጻፈውም። ስክሪፕቱ ላይ «ተኩላ ከአዳራሹ ኋላ ይገባል» የሚለው እንዳለ ቀረ። ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ አዲስ አዘጋጅ ያንኑ ሥራ እንደገና አነሳው። ከድሮዎቹ ተዋንያን አንድም ሰው አልነበረበትም። እኔም በዚያ ሰሞን ከሌላ ሥራ ጋር መንገድ ላይ ስለነበርኩ ጥናቱን አላየሁም። አዘጋጁ ስክሪፕቱን አምኖ ተኩላውን በኋላ በር አስገባው። በምረቃው ቀን ስደርስ ገና ደጅ ሆኜ ለቅሶውን ሰማሁ። ምን እንደተፈጠረ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም።

እና የሥራ ታሪክ ስል ርዕስና ዓመት የተደረደረበት ወረቀት ማለቴ አይደለም። የልጆች ቴአትር ተመልካቹን ካገኘ በኋላ ነው ቅርጹን የሚይዘው። ልጅ ይሉኝታ የለውም። ሲሰለቸው ይነሳል፣ ሲፈራ ይጮኻል፣ ሽንቱ ሲመጣ ለአዳራሹ ሁሉ ያውጃል። እኛም በዚያ እየተመራን ትዕይንት እንቆርጣለን፣ እንጨምራለን፣ ቦታ እናለዋውጣለን። ያንን ያልያዘ ታሪክ ለማስታወቂያ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። «ፒተር ፓን» የተባለው የልጆች ተውኔት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 1904 ለንደን ውስጥ በዱክ ኦፍ ዮርክ ቴአትር ተመረቀ። ጨዋታው ላይ ልጆች ይበራሉ። ተመልካች ልጆችም ቤታቸው ሄደው ከአልጋቸው ላይ ለመብረር ሞከሩ፤ ተጎድተው ሐኪም ዘንድ የሄዱም ነበሩ። ወላጆች ለደራሲው ለጄምስ ባሪ አቤት አሉ። እሱም አስማተኛው ብናኝ ካልተነሰነሰበት በቀር ማንም መብረር እንደማይችል የሚገልጽ ነገር ጨመረበት። ይህን ራሱ ባሪ ነው የጻፈው። ተውኔቱን በመጽሐፍ መልክ ያሳተመው በ1928 ነው፣ ከምረቃው 24 ዓመት ቆይቶ። በመካከሉ ብዙ ነገር ተቀያይሯል። እንግዲህ «ፒተር ፓን፣ 1904» ብሎ የሚያልፍ ዝርዝር የትኛውን ፒተር ፓን ነው የመዘገበው?

ከዚህ ጋር አንድ ቡድን ሁልጊዜ ያስቀናኛል። አሌክሳንደር ብሪያንትሴቭ እ.ኤ.አ. በ1922 በፔትሮግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ የከፈተው የወጣት ተመልካቾች ቴአትር። እነሱ የልጆችን ስሜት የሚከታተል የፔዳጎጂ ክፍል ነበራቸው። ከየትምህርት ቤቱ የተወከሉ ተማሪዎችንም ይሰበስቡ ነበር። እኛ ያ ሁሉ አቅም የለንም። ግን አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ማን ያጣል?

አሁን ወደ ካርቶንሽ እንምጣ። ከመነካካትሽ በፊት ሦስት ቃላት ለይተሽ ያዢ፦ ተውኔት፣ ዝግጅት፣ ትርኢት። ተውኔቱ ጽሑፉ ነው። ዝግጅት ስንል አንድ አዘጋጅ ከአንድ የተዋንያን ስብስብ ጋር ያቆመው ነው። ትርኢት ደግሞ የአንድ ቀኑ ነው። እኛ ይህን ሳንለይ ስለጀመርን የድሮው ዝርዝራችን 43 ሥራ ይል ነበር። አንዱ ሥራ ርዕሱ ተቀይሮ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ሌላው ለትምህርት ቤት ስላጠረ ብቻ እንደ አዲስ ተመዝግቧል። ሲጣራ 31 ዝግጅት ሆነ። የቡድኑ መሪ ቁጥሩ ሲወርድ ፊቱን አኮሳተረብኝ። ምን ላድርግ?

ልዩነቱ ለምን እንደሚጠቅም የበርሊኑን ግሪፕስ ቴአትር ተመልከቺ። ለወጣቶች የሠሩት «ሊኒ 1» የተባለው የፎልከር ሉድቪግ ሙዚቃዊ ተውኔት ኤፕሪል 30 ቀን 1986 ተመረቀ። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት መድረክ ላይ ቆየ። ያው ተውኔት በ1994 ሴኡል ውስጥ በኪም ሚን ጊ ከኮሪያ ኑሮ ጋር ተዛምዶ ተሠራ። ተውኔቱ አንድ፣ ዝግጅቱ ግን ሁለት መሆኑ ነው። የበርሊኑም ቢሆን ይህን ያህል ዓመት ሲቆይ ተዋንያን ይለዋወጣሉ። ስለዚህ «ተዋንያን» በሚለው ዓምድ ሥር የመጀመሪያዎቹን ብቻ ጽፈሽ አትዝጊ። ከመቼ እስከ መቼ ማን ተጫወተ ብለሽ ያዢ።

ፖስተርን አትመኚ። ፖስተር የሚታተመው ሥራው ሳያልቅ ነው። ላዩ ላይ ያለው ቀን ምኞት ነው። የእኛ አንድ ሥራ ፖስተሩ ከሚለው 19 ቀን ዘግይቶ ነው የተመረቀው፤ ዋናዋ ተዋናይት እግሯን ተሰብራ ነበር። እሷን የተካችው ልጅ ስም ፖስተሩ ላይ የለም። ሥራውን ግን 30 ጊዜ የተጫወተችው እሷ ናት። እኔን ከፖስተሩ በላይ የጠቀሙኝ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ወረቀቶች ናቸው። የቲኬት ጉርድ፣ አዳራሽ የተከራየንበት ደረሰኝ፣ የሾፌሩ የጉዞ ወረቀት። ከሁሉም በላይ የመብራት ባለሙያችን ደብተር። ሰውየው ዝምተኛ ነው። ለካ በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር ሲጽፍ ኖሯል። «ዛሬ 52 ደቂቃ። የጫካው ትዕይንት ላይ ልጆች አውርተዋል። ቀዩ አምፖል ተቃጥሏል።» ደብተሩን ሲሰጠኝ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ደቂቃዋን ልብ በይልኝ። ያው ሥራ ሲመረቅ 70 ደቂቃ ነበር። ከ70 ወደ 52 እንዴት እንደወረደ ስከታተል ልጆቹ የቱ ጋ እንደሰለቻቸው ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ከዚያ ዕድሜ። ፖስተሩ ሁሌም «ለሁሉም ዕድሜ» ይላል። ውሸት ነው። ለሦስት ዓመት ልጅና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እኩል የሚሆን ሥራ እምብዛም አይገኝም። ሁለት ዓምድ አድርጊለት፦ ለማን ታስቦ ተሠራ፣ ማን መጥቶ አየው። እኛ ጋ ለአሥር ዓመት ልጆች ብለን የሠራነው አንድ ሥራ በጣም የወደዱት ስድስት ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ትልልቆቹ «የሕፃን ነው» ብለው ናቁት። ዝርዝሩ ላይ እስካየው ድረስ አላስተዋልነውም ነበር።

ስም ላይ ደግሞ የእኛ ፊደል ያመጣብን ጣጣ አለ። አንዱ ወረቀት «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሃይ»። «ሠላም» እና «ሰላም»ም እንዲሁ። ኤክሴል አያዝንልሽም፣ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥርልሻል። እኔ አንዷን ልጅ ሦስት ሰው አድርጌያት ነበር። ባለቤቱን ጠይቂና እሱ የሚጽፍበትን ፊደል ያዢ። ሌላውን አጻጻፍ በጎን ባለ ዓምድ አስቀምጪው፣ ስትፈልጊ ያገኝሻል። የማይታዩትንም አትርሺ። ጥቁር ለብሶ አሻንጉሊት የሚያንቀሳቅሰውን፣ የአህያዋን የኋላ እግር ሆኖ ሁለት ዓመት ጎንበስ ያለውን፣ ጭምብል የሰፋችውን። በራሪ ወረቀት ላይ የእነዚህ ስም ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

ሰዎችን ስታነጋግሪ «መቼ ነበር?» አትበይ። ማንም አያስታውስም፤ ያስታወሰም ይሳሳታል። «ያኔ የት አዳራሽ ነበራችሁ? ልብሱን ማን ሰፋው? ማን አርግዛ ነበር?» በይ። ሁለት ሰው ሲጣላ ደግሞ እሰየው በይ። እኔ እንዲህ የተከራከሩ ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ አስቀምጬ ፎቶዎቹን አቀረብኩላቸው። የመድረኩ ወለል ጣውላ ነው ሲሚንቶ? ይህ ጫማ የማን ነው? ክርክሩ በአሥር ደቂቃ አለቀ። እግረ መንገዳቸውን ሌላ አምስት ነገር ነገሩኝ።

የምሥረታ ዓመት ላይም ጭቅጭቅ ይመጣል። አንዱ ከመጀመሪያው ጥናት ይቆጥራል፣ አንዱ ከመጀመሪያው ትርኢት፣ አንዱ ቤት ካገኛችሁበት ቀን። የለንደኑ ዩኒኮርን ቴአትር ካሪል ጄነር እ.ኤ.አ. በ1947 በተዘዋዋሪ ቡድንነት የጀመረችው ነው፤ አሁን ያለበትን ሕንፃ የከፈተው ግን በ2005። ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1947 ነው። ልክ ነው እላለሁ። ቡድን ማለት ሰዎቹ እንጂ ግድግዳው አይደለም። እናንተ የመረጣችሁትን መነሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹትና እለፉ።

ሁለት ቀን ታይቶ የቀረው? ይቆጠራል እንጂ! ለምን እንደቀረም ይጻፍ። እኛ ጋ የከሸፉት ተደብቀው ነበር። ሰው ያፍራል፣ ይገባኛል። ግን ከከሸፉት ሦስቱ በአንድ ምክንያት ነው የከሸፉት፦ ተረቱን የሚተርክ አዋቂ ጥግ ላይ ቆሞ ያወራል፣ ልጆቹ ደግሞ የሚሆነውን ማየት ይፈልጋሉ። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ነው የገባኝ። ተጠንቶ ጨርሶ ያልተመረቀ ካለ ግን ለብቻው ከታች አስቀምጪው፣ ከዝግጅቶቹ ጋር አትቀላቅይው።

አንድ ነገር ላይ ጠንቀቅ በይ። ፎቶዎቹ ውስጥ ልጆች አሉ። ተመልካቾችም፣ ተዋናዮችም። ፊታቸው ቁልጭ ብሎ የሚታይ ከሆነ ወላጅ ሳይፈቅድ እንዳታወጪው። በልጅነታቸው የተጫወቱ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው የሆኑም አሉ፤ ራሳቸውን ጠይቂ። እኔ ካገኘኋቸው አንዷ «ጥንቸሏን ሆና ተጫውታ ነበር እንዳይባል» አለችኝ። ስሟን ከዝርዝሩ ሰረዝኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የኤክሴል ፋይል፣ ሁለት ገጽ። በአንደኛው ለእያንዳንዱ ዝግጅት አንድ መስመር፣ በሁለተኛው ለእያንዳንዱ ትርኢት አንድ መስመር። በሁለተኛው ላይ «ዛሬ የተለወጠ» የሚል ሰፊ ዓምድ ይኑር። ካሴት ካላችሁ ከወረቀቱ በፊት እሱን ወደ ኮምፒውተር አስገልብጪ። ወረቀት ይታገሣል። ካሴት ግን እየቆየ ይበላሻል፣ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። የፎቶ ፋይሎቹንም በስም ለይተሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪ።

ካርቶኑን ደግሞ አትዘርግፊው። ወረቀቶቹ የተደራረቡበት ቅደም ተከተል ራሱ ማስረጃ ነው፤ ቀን የሌለው ወረቀት ቀን ባላቸው ሁለት ወረቀቶች መካከል ሊገኝ ይችላል። እያነሳሽ ፎቶ አንሺው፣ ቁጥር ስጪው። ካርቶኑን ሳትጨርሺ ግን በቡድናችሁ ረጅም ጊዜ የቆየውን ሰው በዚህ ሳምንት ደውለሽ አግኚው። አልባሳት ክፍል ያለች ሴት ብትሆን ደግሞ የተሻለ ነው። እነሱ የሰፉትን ልብስ አይረሱም።

የእኛን ባዶ ሰንጠረዥ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ። ዓምዶቹ ትንሽ በዝተዋል፤ «የአየር ሁኔታ» የሚለውን አጥፊው። ለምን እንዳስገባሁት አሁን ለራሴም አይገባኝም።