ዲስኩን ልቀይር ወይስ ካርዱን?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የፖሊ (የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ) ተማሪ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኖ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። ኤስኤስዲ ልግዛበት ወይስ ግራፊክስ ካርድ?» አለኝ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል። ይህን ጥያቄ እዚህ ባሕር ዳር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። እኔ ጌም አልጫወትም። ግን ከሃያ ዓመት በላይ ኮምፒውተር ስፈታና ስገጥም የሚጫወቱትን ከጀርባቸው ቆሜ ሳይ ኖሬያለሁ።

«የሚያናድድህ መቼ ነው? ጌሙ እስኪከፈት ነው ወይስ ከገባህ በኋላ?» አልኩት። ዝም አለ። አስቦበት አያውቅም።

ሰካነው። ጎረቤታችን ቡና የምትሸጠው ልጅ ጀበናዋን ስትጥድ አስነሳነው፤ ጌሙ ሲከፈት አቦሉ ቀርቦልን ነበር። (ትንሽ አጋነንኩ፤ ብዙ ግን አይደለም።) ከሳጥኑ ውስጥ ዲስኩ ቅርር ቅርር ይላል። ጨዋታው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ደህና ይሄዳል።

የጣና ልጆች ናችሁና በታንኳ ልንገራችሁ። ከዘጌ እንጨት የሚያመጣ ታንኳ መጫንም መቅዘፍም አለበት። ዲስኩ ጫኙ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ቀዛፊው። ጎበዝ ጫኝ ብትቀጥሩ ከዳር ቶሎ ትነሳላችሁ እንጂ መሃል ሐይቅ ላይ አትፈጥኑም። አሁን አሁን የሚወጡት ትልልቅ ጌሞች ግን እየቀዘፉም ይጭናሉ። አዲስ ሰፈር በገባችሁ ቁጥር ከዲስኩ ያነባሉ፤ ዲስኩ ከዘገየ ምስሉ ይንተባተባል። አንዳንዶቹ ጭራሽ ያለ ኤስኤስዲ አንሠራም ይላሉ።

የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያነባል፤ ያውም ፋይሉ ትልቅና የተያያዘ ሲሆን ነው። ትንንሽና የተበታተነ ከሆነ መርፌው ወዲያ ወዲህ ሲል ጊዜው ያልቃል። ሳታ በሚባለው የቆየ መሰኪያ የሚገባው ኤስኤስዲ እስከ 550 ገደማ ይደርሳል። ማስቲካ የሚያክለው አዲሱ የኤስኤስዲ ዓይነት፣ ኤንቪኤምኢ፣ ደግሞ 3,500፣ 7,000፣ ከዚያም በላይ ይላል። ሻጭ ይህን ቁጥር ሲያሳያችሁ አትደንግጡ። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ስትሻገሩ ልዩነቱን እናታችሁም ያዩታል። ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ግን በአብዛኛው ጌም የምታተርፉት ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የተነበበውን የሚፈታው ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስለሆነ እሱን መጠበቃችሁ አይቀርም።

ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ርካሹን ኤስኤስዲ ይግዛ እላለሁ። ኤስኤስዲ ያለው ሰው ደግሞ ለበለጠ ፍጥነት አንድ ብር አያውጣ፤ ሁሉንም ለካርድ ያድርገው። ላፕቶፕ ለያዛችሁ ምርጫው የለም፤ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ግራፊክሱ ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ጋር ተበይዷል።

ካርድ ስትገዙ ግን ፓወር ሳፕላዩን፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ እዩ። ይህን ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ከቢሮ የወጣ ዴስክቶፕ አመጣልኝና 185 ዋት የሚበላ ካርድ ገጠምኩለት። የፓወር ሳፕላዩ አቅም በጠቅላላው 240 ዋት ነበር። ለካርዱ የሚሆን መሰኪያ ስላልነበረው በቅጥያ ገመድ አገናኘሁት። ልጁ ቸኩሏል። እኔም ልቤ እያወቀ «ይችለዋል» አልኩ። ዊንዶውስ ላይ ምንም አላለም። ጌም በከፈትን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጠጭ አለና ጠፋ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሱቁን ሞላው። ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ከኪሴ ከፈልኩ። ልጁ ግን ሁለተኛ ሱቄ አልረገጠም፤ አልፈርድበትም።

እና ሳጥኑን ክፈቱና ፓወር ሳፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ዋት አንብቡ። አቅሙ ትንሽ ከሆነ 75 ዋት የማያልፍ ካርድ ፈልጉ። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያሉት፣ ብዙዎቹ ዓይነቶቻቸው፣ ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም፤ ከማዘርቦርዱ ብቻ ይጠጣሉ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስም አትርሱ። በለስ ከጣና ውሃ ወስዶ እስከ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ነው፤ እኛ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሻማ እንፈልጋለን።

ወደ ፖሊው ልጅ ልመለስ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጭነን የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትን። ጌሙ ሲነሳ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተገትሯል፤ ግራፊክሱ ሥራ ፈት ነው። ሌላ ምስክር አላስፈለገንም። 480 ጊጋባይት ሳታ ኤስኤስዲ ገዛ። ዊንዶውሱንና ጌሙን አዛወርንለት፤ አሮጌውን ዲስክ ለፊልም ተውነው። የተረፈውን ብር ለካርድ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት።

ቅር ሳይለው አልሄደም። ሂሳብ እየከፈለ እንኳ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራው ካርድ ላይ ነበር።