በ253 ዙሪያ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የጅቡቲን (የአገር ኮዷ 253) ስልክ ቁጥር የሚመለከቱ ስለሆኑ አንድ ላይ ላንሳቸው።

እህቴ ከጅቡቲ የላከችልኝ ቁጥር በ77 ይጀምራል። ፊቱ ላይ ዜሮ ጨምሬ ብደውል እምቢ አለኝ።

ዜሮዋን ይተዋት። እኛ 0911 ማለት ስለለመድን ነው እንጂ የጅቡቲ ቁጥር ዜሮ አያስቀድምም። 00253 ብለው ስምንቱን አሃዝ ያስከትሉ። እህትዎ ሲደውሉልዎ ደግሞ የእርስዎን ዜሮ ትተው በምትኩ 00251 ያስገቡ።

የአንድ ድርጅት የቆየ ካርድ አለኝ፤ ቁጥሩ ስድስት አሃዝ ብቻ ነው። ተቆርጦ ነው?

አልተቆረጠም፣ አርጅቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ አገሩ ሁሉ በስድስት አሃዝ ነበር የሚደዋወለው። ስድስት አሃዝ ከ000000 እስከ 999999 ቢቆጠር አንድ ሚሊዮን ቁጥር ይወጣዋል፤ ለአንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በቂ ይመስላል። ግን ሁሉም አይታደልም። ፖሊስ 17፣ እሳት አደጋ 18 ከሆነ በእነዚህ የሚጀምር የቤት ስልክ ሊኖር አይችልም፤ ገና ሁለተኛውን አሃዝ ሲነኩ ፖሊስ ጣቢያ ይደወል ነበራ። በዚያ ላይ መደበኛ ስልክና ሞባይል ከዚያው ቋት ይቀዳሉ፣ አንድ ሰው ሁለት ሲም ይይዛል። ስለዚህ ሁለት አሃዝ ከፊት ተጨመረ፦ ለሞባይል 77፣ ለመደበኛ 21 ወይም 27። ካርድዎ ላይ ያለው በ35 የሚጀምር ከሆነ 21 አስቀድመው ይሞክሩት። አሁን 77 ብቻውን የድሮውን የአገሩን ቋት ያህላል።

እንደ ድሬዳዋ 025 የከተማ ኮድ አላቸው?

የለም። ከየትም ወደ የትም ያው ስምንት አሃዝ ነው። ለትንሽ አገር እኔም የምመርጠው ይሄንን ነው።

በ27 የሚጀምር ቁጥር + ጨምሬ ብደውል እምቢ አለኝ።

ደቡብ አፍሪካ ሊደውሉ ነበር! + ማለት 00 ማለት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የአገር ኮድ ብቻ ነው፣ 27 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ነው። +253 27 ብለው ይመዝግቡት።

ቁጥሩን በፈረንሳይኛ ሲነግሩኝ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ።

ብቻዎን አይደሉም። ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ነው የሚናገሩት፤ 77 ደግሞ «ሷሳንት ዲሴት»፣ ማለትም ስድሳና አሥራ ሰባት ነው። «ሷሳንት» ሲሉ እጅዎ 6 ይጽፋል፣ ቀጥሎ «ዲሴት» ሲመጣ ይሰርዛሉ። 80ዎቹ ይብሳሉ፤ «ካትር ቨን» አራት ጊዜ ሃያ ስለሆነ 4 ጽፈው ይጠብቃሉ። ጥንዱ እስኪያልቅ እስክሪብቶውን አያሳርፉ፤ ካልሆነም በጽሑፍ ያስልኩት።