ጋንቾው ላይ ያለው ቁልፍ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጀልባ የምጭንበት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አለኝ። ግቢ ስለማይገባልኝ በር ላይ ያድራል። ከመኪናው ኳስ ጋር የሚያያዝበት ጋንቾ ላይ ጓጉንቸር አድርጌበታለሁ፤ ጎረቤቴ ግን «ይህ ለሌባ ምኑ ነው?» ይለኛል። ምን ልጨምር?
(ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ጎረቤትዎ እውነቱን ነው። ያ ጓጉንቸር የጋንቾው መያዣ እንዳይከፈት ይከለክላል እንጂ ተሳቢው እንዳይጎተት አይከለክልም። ሌባው በተሳቢው በራሱ የደህንነት ሰንሰለት ከፒክአፕ ኋላ ያስረውና ቀስ እያለ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የመኪናው መጎተቻ ኳስ የሚገባበትን የጋንቾውን ጎድጓዳ ሞልቶ የሚቆለፍ ዓይነት ይግዙ። ልኩ ብዙ ጊዜ ኳሱ አናት ላይ ተቀርጿል፤ የአውሮፓው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩን ያልጠበቀ ቁልፍ ይወዛወዛል፣ የሚወዛወዝ ደግሞ በመዶሻ ይወልቃል።

የጎማ ቁልፍ ከጨመሩ የቸርኬውን ዳዶዎች የሚሸፍን ይሁን፤ አለበለዚያ ሌባው ጎማውን ከነቁልፉ ፈትቶ የራሱን ይገጥምበታል። ገዝተው ሲገጥሙት ጎማውን አስተንፍሰው ቁልፉን በእጅ ይሳቡት። ከወለቀ ለሻጩ ይመልሱ።

ዋናው ግን ሰንሰለቱና የሚታሰርበት ነው። በሜትር የሚሸጠው ተራ ሰንሰለት በትልቅ የብረት መቀስ ወዲያው ይበጠሳል፤ ጠንካራ ተብሎ የተሠራ ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ይፈልጉ። በጎማው ብቻ ሳይሆን በሻንሲው ያሳልፉት። መሬት ላይም አይተኛ፦ ሌባው የመቀሱን አንድ እጀታ መሬት አስደግፎ ሌላውን በሙሉ ክብደቱ ይረግጠዋል።

የሰንሰለቱ ማሰሪያ የሚተከልበት 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነው። የ20 ሚሊ ሜትር ፌሮ አጉብጠው፣ እግሮቹን ወደ ውጭ አጥፈው፣ ሰንሰለቱ የሚያልፍበት ጉባጩ ከላይ እንዲቀር አድርገው ኮንክሪት ይሙሉበት (ሲሚንቶ 1፣ አሸዋ 2፣ ጠጠር 3፤ ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ይበቃል)። ለ7 ቀን ውሃ እያጠጡ ይተዉት። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ጠለቅ አድርገው ይቆፍሩ፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ማሰሪያውንም ያላቅቀዋል።

ባለ ባትሪ ግራይንደር ሁሉንም ይቆርጣል፤ ግን ይጮኻል። ተሳቢውን መብራትና ሰው ካለበት ያቁሙት፣ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስተው ይያዙ። የጀልባውን ሞተር በምንም ቁልፍ አይመኑት፤ አውርደው ቤት ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ከክረምት በኋላ የጀልባዬ ጓጉንቸር አልከፈት አለ። ዘይት ላድርግበት?
(ከዘጌ)

መልስ፦ የሞተር ዘይት አቧራ ይይዛል፣ ከርሞም ያባብሰዋል። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ በቁልፍ ቀዳዳውና በቀስቱ ሥር ነፍተው 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ቁልፉን በቀስታ እየሞከሩ የጓጉንቸሩን ጎን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉ። በኃይል አይጠምዝዙ፤ ቁልፉ ውስጥ ከተሰበረ መቁረጥ ሊኖርብዎት ነው። ሲከፈት አድርቀው፣ የእርሳስ ፍሬ ዱቄት ቁልፉን ቀብተው ደጋግመው ያስገቡ። ቀዳዳውን ወደ ታች ያዙሩትና በውስጥ ጎማ ቁራጭ ይሸፍኑት።